የልቦለዱ መሐል ለምን ይላላል? ስለ ሴራ መታጠፊያዎች የተደረገ ውይይት

መነሻ ጽሑፍ

ስለ ልቦለድ መታጠፊያዎች ሲወራ መጀመሪያ የሚነሳው መቶኛ ነው። ልቦለዱ 80,000 ቃል ቢኖረው፣ ነገር ጫሪው ክስተት (ታሪኩን የሚያስነሳው) 12 በመቶ ላይ (9,600ኛው ቃል ግድም)፣ የመጀመሪያው መታጠፊያ 25 በመቶ ላይ (20,000)፣ የመሐሉ 50 በመቶ ላይ (40,000)፣ ሦስተኛው 75 በመቶ ላይ (60,000)፣ ጡዘቱ (የመጨረሻው ፍጥጫ) ደግሞ 90 በመቶ አካባቢ (72,000) ይውላል ይባላል። የቀረው 8,000 ቃል ለልቀቱ፣ ማለትም ለታሪኩ መቋጫ ነው። ስሌቱን ማንም በአንድ ደቂቃ ያወጣዋል። ችግሩ በቁጥሩ ላይ ተለክቶ የተቀመጠው ነገር ብዙ ጊዜ መታጠፊያ ሆኖ አለመገኘቱ ነው።

እኔ የምለው እንዲህ ነው። መታጠፊያ ማለት ውሳኔ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ አንድ ነገር ያደርጋል፤ ካደረገው በኋላ በገባበት በር መውጣት አይችልም። ጎርፍ መጣ፣ ደብዳቤ ደረሰ፣ ሰው ሞተ፤ እነዚህ ገጸ ባሕርዩን ይገፉታል፣ ታሪኩን ግን በራሳቸው አያጥፉትም። የሚያጥፈው እሱ ተገፍቶ የሚያደርገው ነው። ልቦለድ መሐሉ ላይ የሚላላው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ ክስተት ይበዛል፣ የሚዘጋ በር ግን የለም።

በምሳሌ ላስረዳ። አንዲት መሐንዲስ ከዓመታት በፊት የተሠራ ድልድይ ምሰሶው መሰንጠቁን የሚያሳይ ፎቶግራፍ ይደርሳታል፤ ላኪው አይታወቅም። ይህ ነገር ጫሪው ነው። 25 በመቶ ላይ ድልድዩ የተሠራበትን ስሌት ዋና ቅጂ ሳታስፈቅድ ከመዝገብ ቤት ታወጣለች። 50 በመቶ ላይ ስሌቱን ያጸደቀው ፊርማ የራሷ ሆኖ ታገኘዋለች። 75 በመቶ ላይ ቤቷ ይቃጠላል፣ ወረቀቱም አብሮ ይጠፋል። 90 በመቶ ላይ በአጣሪ ጉባኤ ፊት ትቆማለች። አጥንቱ ይኸው ነው። ጥያቄዬ ከ20,000ኛው እስከ 60,000ኛው ቃል ስላለው የልቦለዱ ግማሽ ነው። ይህን ያህል ርቀት አንድ የመሐል መታጠፊያ ብቻውን ይሸከመዋል? ካልቻለ ምን ይጨመርለት?

መልሶቹ

የተሰጡትን መልሶች እንደ ቅደም ተከተላቸው አቀርባቸዋለሁ፤ መላሾቹንም በመልሳቸው ቁጥር እጠራቸዋለሁ።

ቁጥር 1 በሐሳቡ እንደሚስማሙ በትሕትና ገልጸው፣ ነገር ጫሪውና የመጀመሪያው መታጠፊያ እንዳይደባለቁ አሳሰቡ። ነገር ጫሪው ከውጭ ይመጣል፤ መታጠፊያው ገጸ ባሕርይዋ ለመጣው ነገር የምትሰጠው ምላሽ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው 10,000 ገደማ ቃል የማመንታት ቦታ ነው። መሐንዲሷ መጀመሪያ ፎቶግራፉን ችላ ትላለች፤ ቀጥሎ አለቃዋን በአግባቡ ትጠይቃለች፤ መዝገቡን ለማየት በጽሑፍ ታመለክታለች፣ ይከለከላታል። ቀላሎቹ መንገዶች አንድ በአንድ ሳይዘጉ ወረቀቱን ብታወጣ አንባቢው መጀመሪያ ለምን አልጠየቀችም ብሎ ከታሪኩ ይወጣል። ከፎቶግራፉ በፊት ደግሞ የምታጣው ነገር ምን እንደሆነ በሁለት ወይም በሦስት ትዕይንት መታየት አለበት አሉ። ከዚያ ከበዛ መግቢያው ይጎተታል፣ ከዚያ ካነሰ የምትጋፈጠው አደጋ ክብደት አይኖረውም።

ቁጥር 2 መቶኛውን ከመሠረቱ ተቃወሙ። ይህ ልኬት ከፊልም ጽሑፍ የተወሰደ ነው አሉ። የፊልም ጽሑፍ መምህሩ ሲድ ፊልድ በ1979 እ.ኤ.አ. ያስፋፋው ባለ ሦስት ክፍል ንድፍ 120 ገጽ ላለው የፊልም ጽሑፍ ነበር፤ 30 ገጽ ለመጀመሪያው፣ 60 ለመሐሉ፣ 30 ለመጨረሻው። አንድ ገጽ በግምት አንድ ደቂቃ ስለሚሆን ልኬቱ በአንድ መቀመጫ ሁለት ሰዓት ለሚቆይ ተመልካች የተቆረጠ ነው። ልቦለድ አንባቢ ግን መጽሐፉን ያስቀምጣል፣ ከሦስት ቀን በኋላ ያነሳዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው መታጠፊያ 15 በመቶ ላይም ሆነ 30 በመቶ ላይ ቢውል አንባቢ አይጎዳም ብለው ደመደሙ። ስለ ልኬቱ ምንጭ የተናገሩት ትክክል ነው፤ ስለ አንባቢው ያሉት ግን በሚቀጥለው መልስ ተፈተነ።

ቁጥር 3 ምጣኔ ከፊልም በፊትም እንደነበረ አስታወሱ። መጽሐፍ የያዘ ሰው በቀኝ እጁ የቀረውን ገጽ ውፍረት ስለሚያውቅ ግማሽ መድረሱን ሳይቆጥር ይሰማዋል፤ ግማሽ ላይ ደርሶ ነገሩ ገና ካልተጀመረለት ይታክታል። እስከዚህ ድረስ መልካም ነበር። ከዚያ ለማስረጃ የጀርመናዊውን ጸሐፊ የጉስታቭ ፍራይታግን የ1863 እ.ኤ.አ. ፒራሚድ (የድራማን መውጣትና መውረድ የሚያሳይ ንድፍ) ጠቅሰው ጫፉን ሦስት አራተኛው ላይ አስቀመጡት።

ቁጥር 4 እዚህ ላይ በጠንካራ ቃል ገቡ። ፍራይታግ የተናገረው ስለ ባለ አምስት ገቢር (ዐቢይ ክፍል) ድራማ ነው፤ መግቢያ፣ መውጣት፣ ከፍታ፣ መውረድ፣ ጥፋት። ከፍታው በሦስተኛው ገቢር፣ ማለትም መሐል ላይ ነው የሚውለው። ሥዕሉን ሳያዩ ስሙን መጥራት ጀማሪን ያሳስታል ሲሉ ቁጥር 3ን ገሠጹ። አገላለጻቸው የሻከረ ቢሆንም እርማቱ እጅግ ጠቃሚ ነው፣ ምክንያቱም በእኛም ዘንድ ጡዘት የሚለው ቃል ለሁለት ነገር እየዋለ ነው። አንዳንዱ ነገሩ የሚገለበጥበትን የመሐል ከፍታ ጡዘት ይለዋል፤ ሌላው ከልቀቱ በፊት ያለውን የመጨረሻ ፍጥጫ። ሁለቱን የቀላቀለ ጸሐፊ የመጨረሻውን ፍጥጫ 40,000ኛው ቃል ላይ አድርሶ ከዚያ ወዲያ ያለውን 40,000 ቃል በጅራት ይሞላዋል። እኔ በዚህ ውይይት ውስጥ ጡዘት የምለው የመጨረሻውን ፍጥጫ ነው።

ቁጥር 5 ከክርክሩ ወጣ ብለው ስለ መሐሉ መታጠፊያ ጻፉ። አሪስቶትል ድራማን ሲተነትን ግልበጣንና ማወቅን ለያይቶ ተመልክቷቸዋል። ግልበጣ የገጸ ባሕርዩ ሁኔታ ወደ ተቃራኒው መዞር ነው፤ ማወቅ ካለማወቅ ወደ እውቀት መሻገር። ሁለቱ በአንድ ቅጽበት ሲገጥሙ ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ነው ይላል። የመሐንዲሷ ፊርማ ይህን ያሟላል፤ አሳዳጅ የነበረችው ያን ጊዜ ተሳዳጅ ትሆናለች። ዳሩ ግን ፊርማዋን አየች ብሎ ምዕራፉን መዝጋት አይበቃም አሉ። ካየችው በኋላ ባሉት አምስት መስመሮች ውስጥ አንድ ነገር ማድረግ አለባት፤ ወረቀቱን መደበቅ፣ ለባልደረባዋ መዋሸት፣ ስልኩን አለማንሳት። ያለዚያ ማወቁ ብቻውን ይቀራል፣ በእኔው መመዘኛ ደግሞ መታጠፊያ አይሆንም። ይህን አላሰብኩትም ነበር፤ ወዲያው ተቀብዬዋለሁ።

ለጥያቄዬ በቀጥታ የመለሱት ቁጥር 6 ናቸው። በትላልቆቹ መታጠፊያዎች መካከል ሁለት የጫና ነጥብ ይደረግ አሉ፤ አንዱ 37 በመቶ ገደማ (30,000ኛው ቃል አካባቢ)፣ ሌላው 62 በመቶ ገደማ (50,000ኛው አካባቢ)። የጫና ነጥብ ከመታጠፊያ የሚለየው ተግባሩ የተቃዋሚውን ኃይል ማሳየት በመሆኑ ነው፤ አቅጣጫ አይለውጥም፣ ዋጋውን ግን ያንረዋል። በምሳሌው 30,000ኛው ቃል ላይ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ በእሷ ፋንታ ከሥራ ይባረራል። ወረቀቱ መውጣቱ እንደታወቀ፣ የሚከፍለው ደግሞ ሌላ ሰው መሆኑን ታያለች። 50,000ኛው ላይ አለቃዋ ፊርማውን እንደሚያውቅ ያሳያታል፤ ዝም ካለች ዝም እንደሚልም ይነግራታል። አሁን መሐሉ አንድ ምሰሶ ሳይሆን ሦስት ምሰሶ አለው።

እኚሁ ሰው ለትዕይንቶች መጋጠሚያም ፈተና አስቀመጡ። ሁለት ተከታታይ ትዕይንት ወስዶ በመካከላቸው የሚገባው ቃል ምን እንደሆነ መጠየቅ ነው። «ከዚያም» የሚለው ብቻ ከገጠመ መጋጠሚያው ልል ነው፤ «ስለዚህ» ወይም «ነገር ግን» ከገባ ጥብቅ ነው። ጸሐፊዎች መሐሉ ሲላላባቸው አዲስ ክስተት ይጨምራሉ፤ የጨመሩት ግን በ«ከዚያም» የሚያያዝ ከሆነ ልቦለዱ ይረዝማል እንጂ አይጠብቅም። ከመላው ውይይት አንድ ነገር ብቻ ውሰድ ብባል ይህን ፈተና እወስዳለሁ።

ቁጥር 7 ተቆጡ። ልቦለድ ከሰው ይወለዳል እንጂ ከሜትር አይወለድም፤ መቶኛ፣ የጫና ነጥብ፣ ምሰሶ እያሉ መቁጠር አናጺነት ነው አሉ። ገጸ ባሕርይውን በሚገባ ያወቀ ጸሐፊ ወዴት እንደሚሄድ ሳይጨነቅ ይከተለዋል፤ ነድፎ የሚጽፍ ግን ገጸ ባሕርይውን ወደ ቀጠሮው ቦታ በግድ ይጎትተዋል ሲሉ ከሰሱ። ከቃሉ ጥንካሬ ውጪ የመጨረሻው ነጥብ እውነትነት አለው። 20,000ኛው ቃል ስለደረሰ ብቻ ገጸ ባሕርይ ከጠባዩ ውጪ ሲወስን ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል።

ቁጥር 8 ቁጣውን በቁጣ መለሱ። ሳይነድፍ የሚጽፍ ሰው መታጠፊያን የሚፈልገው ከሚነድፈው በላይ ነው፣ ልዩነቱ ከረቂቁ በኋላ መፈለጉ ነው አሉ። የኮረጀ ይመስል ንድፍ የተጠቀመን ሰው ማሳፈር ተገቢ እንዳልሆነም ጨመሩ። ከዚያ ረጋ ብለው አሠራሩን ዘረዘሩ፤ እንደሚገባው ልዘግየበት።

80,000 ቃል ያለው ረቂቅ፣ አንድ ትዕይንት በአማካይ ከ1,500 እስከ 2,000 ቃል ቢይዝ፣ ከ40 እስከ 53 ትዕይንት ይኖረዋል። ለእያንዳንዱ ትዕይንት አንድ ካርድ ይዘጋጃል፣ በካርዱ ላይ አራት መስመር ብቻ ይጻፋል፤ ማን ምን ይፈልጋል፣ ምን ያግደዋል፣ በትዕይንቱ መጨረሻ ምን ተለወጠ፣ የተዘጋ በር ካለ የትኛው። ከካርዱ ጥግ ላይ ትዕይንቱ የሚጀምርበት የቃል ቁጥር ይሰፍራል። ካርዶቹ በተራቸው መሬት ላይ ይደረደራሉ። ሦስተኛው መስመር ባዶ የሆነባቸው ሦስት ካርዶች ከተከታተሉ የላላው ቦታ እዚያ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከሦስቱ ሁለቱ ተቀላቅለው አንድ ይሆናሉ። አራተኛው መስመር የተሞላባቸው ካርዶች ደግሞ መታጠፊያዎቹ ናቸው። ጸሐፊው መታጠፊያ ነው ብሎ ያሰበው ካርድ አራተኛ መስመሩ ባዶ ሆኖ፣ ተራ ትዕይንት ነው ያለው ደግሞ ተሞልቶ ሲገኝ፣ የልቦለዱ እውነተኛ ሴራ እሱ ካሰበው ሌላ መሆኑን ያያል። መቶኛው የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። የተሞሉት ካርዶች በሙሉ በመጨረሻው ሩብ ላይ ከተከማቹ ወይም ሁለቱ 30,000 ቃል ከተራራቁ የሚታረመው ያ ነው። አንድ ስሕተት እንዳይሠራም አስጠነቀቁ። ካርዱ ረቂቁ ውስጥ ያለውን እንጂ ጸሐፊው ሊጽፍ ያሰበውን መያዝ የለበትም፤ ስለዚህ ከትውስታ ሳይሆን ትዕይንቱን እንደገና አንብቦ መሙላት ያስፈልጋል።

ቁጥር 9 እና ቁጥር 10 ከመንገዱ ወጡ። አንዳቸው ካርድ ይሻላል ወይስ በኮምፒውተር ሠንጠረዥ ብለው ጠየቁ፤ ሌላኛው ለየገጸ ባሕርይው የተለያየ ቀለም ያለው ካርድ መጠቀም እንደሚበጅ መክረው፣ ምዕራፎችን ሁሉ በልብ ሰቀላ መዝጋት አንባቢን እንደሚያደክም አከሉ። ስለ ልብ ሰቀላው ትክክል ናቸው፤ የተቀረው ለሌላ ጊዜ ይቆይ ብዬ ወደ ጉዳዩ እንድንመለስ ጠየቅሁ።

ቁጥር 11 የመለሱን ባለ ብዙ አንጻር ልቦለድን አንስተው ነው። ሦስት ገጸ ባሕርያት እየተፈራረቁ ቢተርኩና ለእያንዳንዳቸው አራት መታጠፊያ ቢሰጥ 12 ይሆናል፤ 48 ትዕይንት ባለው ልቦለድ በየአራቱ ትዕይንት አንድ መታጠፊያ ማለት ነው። ሁሉም ነገር ሲታጠፍ የትኛውም አይሰማም። መፍትሔያቸው ለዋናው አራት፣ ለሁለቱ ረዳቶች ሁለት ሁለት፣ በድምሩ ስምንት ነው። የረዳቶቹ መታጠፊያ ከዋናው ጋር በአንድ ምዕራፍ እንዳይወድቅ ሁለት ወይም ሦስት ትዕይንት ቀደም ወይም ዘግየት ይላል። የሚሻለው ደግሞ የአንዱ ውሳኔ ለሌላው ነገር ጫሪ ሲሆን ነው። ከሥራ የተባረረው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የራሱ አንጻር ቢኖረው የእሱ ታሪክ የሚጀምረው እሷ ወረቀቱን ባወጣችበት ቅጽበት ነው።

ቁጥር 12 ስለ ምልሰት (ወደ ኋላ ተመልሶ ያለፈን መተረክ) እና ስለ ንግር (የሚመጣውን አስቀድሞ መጠቆም) አጭር ግን ጠንካራ ነገር አሉ። ምልሰት ከመታጠፊያው በፊት አይግባ፤ አንባቢው ውሳኔውን ሊያይ ሲጣደፍ ወደ ልጅነት መመለስ ገመዱን ይበጥሳል። ከመታጠፊያው በኋላ ሲገባ ግን አንባቢው ለምን እንዲህ አደረገች ብሎ ስለሚጠይቅ ምልሰቱ መልስ ሆኖ ይመጣል። ንግርን በተመለከተ፣ በጡዘቱ ላይ ነገሩን የሚወስን ዕቃ፣ ችሎታ ወይም ምስጢር ሁሉ ከ75 በመቶው በፊት ቢያንስ ሁለት ጊዜ መታየት አለበት፤ የመጀመሪያው ሌላ ሥራ እየሠራ፣ ሁለተኛው ትንሽ ጎላ ብሎ። አንድ ጊዜ ብቻ የታየ ይረሳል፤ አራት ጊዜ የታየ ይነቃበታል።

ቁጥር 13 ቁጥር 7 ራሳቸው ተመልሰው የጻፉት ነው። ካርዱ ከረቂቅ በኋላ ከሆነ እንደማይቃወሙ አምነው፣ የእኔን መነሻ ግን ከሌላ አቅጣጫ መቱት። በምሥራቅ እስያ ከቻይና ባለ አራት ስንኝ ግጥም የመጣ፣ ጃፓኖች ኪሾቴንኬትሱ የሚሉት አወቃቀር አለ፤ መክፈቻ፣ ማዳበሪያ፣ መገልበጫ፣ መቋጫ። ሦስተኛው ክፍል ከፊተኞቹ ጋር የማይገናኝ የሚመስል ነገር ያመጣል፣ አራተኛው ያስታርቃቸዋል። ማንም ሳይወስን፣ ግጭት እንኳ ሳይኖር ታሪኩ ይታጠፋል። ታዲያ መታጠፊያ ማለት ውሳኔ ነው የሚለው የት ደረሰ ሲሉ ጠየቁ።

ተገቢ ጥያቄ ነው፤ አባባሌን አስተካክያለሁ። እንዲህ ባለው ታሪክም የማይከፈት በር አለ፣ የሚዘጋው ግን በአንባቢው ዕውቀት ላይ ነው። መገልበጫውን ካነበበ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ገጾች እንደ በፊቱ ሊያያቸው አይችልም። መመዘኛው ስለዚህ ወደ ኋላ መመለስ አለመቻሉ ነው፤ ውሳኔ ደግሞ ወደዚያ ከሚያደርሱ መንገዶች አንዱ ነው፣ በግጭት ለቆመ ልቦለድ ዋነኛው።

ከሁሉ የበረታው ግን ቁጥር 14 ነው። ከፊታቸው ከመለሱት አንዱም ያላየውን አዩ። መታጠፊያ ክስተት አይደለም ብዬ በጻፍሁበት አንቀጽ ሥር፣ 75 በመቶ ላይ ቤቷ ይቃጠላል ብያለሁ። እሳቱን ማንም አልወሰነውም፤ ከሰማይ የወረደ አደጋ ነው፣ ለዚያውም ጸሐፊው ማስረጃውን ማጥፋት ሲፈልግ በልክ የደረሰ። አንባቢ ገጸ ባሕርይን የሚያስጨንቅ ድንገተኛ ነገር ታሪኩ ሲጀምር ይቀበላል፤ ሦስት አራተኛው ላይ ግን የጸሐፊው እጅ ይታየዋል አሉ።

መፍትሔውንም ሰጡ። እሳቱ ይቆይ፣ የምትለኩሰው ግን እሷው ትሁን። 50,000ኛው ቃል ላይ አለቃዋ ዝም ካልሽ ዝም እላለሁ ብሏታል። 60,000ኛው ላይ ስሟን ለማዳን ዋናውን ቅጂ በገዛ እጇ ታቃጥለዋለች። ቁጥር 6 ያቆሙት ጫና፣ ቁጥር 5 ያነሱት ፊርማና ሦስተኛው መታጠፊያ አሁን በ«ስለዚህ» ተያያዙ። 72,000ኛው ቃል ላይ በጉባኤው ፊት ስትቆም በእጇ ምንም የለም፤ ስለ ስንጥቁ ብትናገር የሚያምናት ወረቀቱን ማቃጠሏንም ከተናገረች ብቻ ነው።

ቁጥር 15 በቁጥር 12 ላይ ተመርኩዘው አንድ ነገር ብቻ አከሉ። ወረቀት አቃጥላ የማታውቅ ሴት በድንገት ክብሪት ስታነሳ ማንም አያምናትም፤ ስለዚህ ክብሪቱ አስቀድሞ ሁለት ጊዜ ይታይ። አንዴ በመጀመሪያዎቹ 9,000 ቃላት ውስጥ፣ መብራት ጠፍቶባት ሻማ ስትለኩስ፤ ሁለተኛ ከመሐሉ መታጠፊያ በኋላ፣ ዋጋ የሌለውን የማመልከቻዋን ረቂቅ ሳህን ላይ አቃጥላ አመዱን በውኃ ስታጥበው።